ሥራው የት ሄደ? የጥቅል ሥራዎችን በጋራ የንግድ ኮምፒዩተር ላይ ስለ መከታተል

ለሕዝብ ክፍት ከነበረ ገለጻ የተገለበጠ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። አንድ ድርጅት በጋራ የሚገለገልበት ኮምፒዩተር አለ፤ በርካታ ሠራተኞች ረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎችን ይልኩበታል፤ እነዚያ ሥራዎች የት እንደሚሠሩ እንዴት እንከታተላለን? ጥያቄው ይኸው ነው። ከጥያቄው በስተጀርባ ግን የሰው ጉዳይ አለ። ደሞዝ በቀኑ መከፈሉ፣ የዓመቱ ሒሳብ በወቅቱ መዘጋቱ፣ ማሽኑ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰርበት ሠራተኛ በእርግጥ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

የገለጻዬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ላስቀምጥ። «ሥራው የት ተሠራ?» የሚለው አንድ ጥያቄ በውስጡ አራት ጥያቄዎችን አቅፏል። አንደኛ፣ ሥራውን ማን፣ ከየት ላከው? ሁለተኛ፣ በማን ስም ተሠራ? ሦስተኛ፣ በየትኛው ወረፋ ምን ያህል ቆየ? አራተኛ፣ በየትኛው የማሽኑ ክፍል፣ በምን ቅድሚያ ተሠራ? የአራቱም መልስ በአንድ መዝገብ ላይ ተጠቃሎ አይገኝም። ከአራቱ አንዱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ አስተዳዳሪ ፍርዱ ይዛባል። ከመዝገቦቹም አብዛኞቹ ችግሩ ከመድረሱ በፊት እንዲጻፉ ካልታዘዙ ከነጭራሹ አይኖሩም።

የጥቅል ሥራ ከየት መጣ?

የጥቅል ሥራ ወይም በተለምዶ «ባች» የምንለው፣ ተጠቃሚው ልኮት የሚሄድ፣ ማሽኑ ግን ሰው ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚፈጽመው ሥራ ነው። አሳቡ ከኮምፒዩተር ታሪክ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 የጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍልና ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ለአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ባዘጋጁት የሥርዓት ፕሮግራም አማካይነት፣ በካርድ የተበሱ ሥራዎች የሰው እጅ ሳይገባ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እንዲቀጥል ተደረገ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1964 አይቢኤም ሲስተም/360ን ሲያስተዋውቅ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ሥራ በራሱ መግለጫ ካርድ ተጀምሮ መቅረቡ ወግ ሆነ። በዚያ ካርድ ላይ የሥራው ስምና ወጪው የሚመዘገብበት የሒሳብ ቁጥር ይጻፍ ነበር። እንግዲህ ክትትል በኋላ ዘመን የተፈለሰፈ ቁጥጥር አይደለም። ማሽኑ ውድና የጋራ ስለ ነበረ፣ «ይህ ሰዓት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ከጥቅል ሥራ ጋር አብሮ ተወልዷል።

ዛሬ በምሳሌነት የምወስደው ግን የንግድ ድርጅቶችን ሥራ በብዛት የተሸከመውን ሌላ የአይቢኤም ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1988 ኤኤስ/400 በሚል ስም ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ «አይቢኤም አይ» ይባላል። ይህን የመረጥሁት ሥራን በወረፋና በክፍል የመደልደል ጥበቡ ግልጽ ሆኖ ስለሚታይበት ነው። መርሁን የተረዳ ሰው በሌላ ማሽን ላይም አይቸገርም።

ሥራው የሚያልፍበት መንገድ

አንድ ተጠቃሚ «ሰብሚት ጆብ» በሚባለው ትእዛዝ ሥራ ሲልክ፣ ሥራው በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ አይሄድም። በመጀመሪያ «የሥራ መግለጫ» ከሚባል ሰነድ ጋር ይገናኛል። መግለጫው ሥራው በየትኛው ወረፋ እንደሚቆም፣ በማን ስም እንደሚሠራ፣ ማስታወሻው ምን ያህል ዝርዝር እንደሚሆን ይወስናል። ከዚያ ሥራው ወደ ወረፋው ይገባል። ወረፋው ደግሞ «ንዑስ ሥርዓት» ከሚባል የማሽኑ ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ንዑስ ሥርዓቱ ተራው የደረሰውን ሥራ ከወረፋው አንሥቶ፣ የማኅደረ ትውስታ ድርሻና የቅድሚያ ደረጃ ሰጥቶ ያስጀምረዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ተጠቃሚው ምንም ካልመረጠ ሥርዓቱ ራሱ ይመርጥለታል። የሥራ መግለጫውን ከተጠቃሚው መለያ ይወስዳል፤ ወረፋውን ከሥራ መግለጫው ይወስዳል። አስተዳዳሪው የተለየ ነገር ካላዘጋጀ፣ የሁሉም ሰው ሥራ «ኪው-ባች» በሚባለው አንድ ወረፋ ላይ ይሰለፋል። ይህ ወረፋ ከፋብሪካው ሲመጣ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲያስኬድ ተደርጎ ነው። በአንጻሩ «ኪው-ሲስ-ኖማክስ» የሚባል ወረፋ አለ፤ እርሱ ገደብ የለውም፤ የመጣውን ሁሉ ወዲያው ያስጀምራል። እንግዲህ ሁለት ተጠቃሚዎች ተመሳሳይ ሥራ በተመሳሳይ ደቂቃ ቢልኩ፣ አንዱ እስከ ሌሊት ሊጠብቅ፣ ሌላው ወዲያው ሊያልቅለት ይችላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ያላነበቡት፣ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው የጻፈው የሥራ መግለጫ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ወረፋውን ጨርሶ ያላለፈ ሥራ። ተጠቃሚው ከባድ ሪፖርት በጥቅል ከመላክ ይልቅ በስክሪኑ ላይ እንደ ተቀመጠ ያስኬደዋል። በዚህ ሥርዓት የቅድሚያ ደረጃ ከ1 እስከ 99 ይቆጠራል፤ ትንሹ ቁጥር ቀዳሚ ነው። በተለመደው አደላደል የስክሪን ሥራ 20፣ የጥቅል ሥራ ደግሞ 50 ደረጃ ይሰጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው፣ ከፊቱም ደንበኛ የቆመበት ሰው፣ አጭር መልስ በፍጥነት ሊያገኝ ይገባል። አንድ ሰው ይህን ቅድሚያ ለሁለት ሰዓት ሪፖርት ሲጠቀምበት ግን፣ የጥቅል ሥራዎች ሁሉ ከኋላው ይንፏቀቃሉ። ወረፋውን የሚመለከት አስተዳዳሪ ምንም አያይም፤ ሥራው በወረፋ አልቆመምና። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተሸጡ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ የስክሪን ሥራ አቅም ለብቻው ይገዛ ስለ ነበር፣ ከተገዛው በላይ መጠቀም መላውን ማሽን ያዘገይ ነበር። ዛሬ ያ ገደብ ታሪክ ሆኗል፤ የአጠቃቀሙ ልማድ ግን በብዙ ቦታ አለ።

ስም ምን ይነግረናል? ምንስ ይደብቃል?

በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ሥራ ሦስት ክፍል ያለው ስም አለው፤ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስምና የሥራው መጠሪያ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የተጠቃሚው ስም ጉዳዩን የሚዘጋ ይመስለዋል። በሦስት ምክንያት አይዘጋውም።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ዘላለማዊ አይደለም። የመጨረሻው አሃዝ ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያ ይቆጥራል። ሥራ በሚበዛበት ማሽን ላይ አንድ ቁጥር ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቁጥር ያለ ቀን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በስሙ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ሥራው የተሠራበት ስም እንጂ የግድ የላከው ሰው አይደለም። የሥራ መግለጫ በውስጡ የሌላ ሰው መለያ ሊያዝ ይችላል። የማሽኑ የደኅንነት ደረጃ 30 ከሆነ፣ መግለጫውን የመጠቀም ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ በዚያ በተጻፈው ሰው ስም ሥራ መላክ ይችላል፤ በሰውየው መለያ ላይ ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ። ደረጃው 40 ሲሆን ይህ በር ይዘጋል፤ ላኪው በመለያው ላይም ፈቃድ እንዲኖረው ግድ ይሆናል። በደረጃ 30 የሚሠራ ድርጅት የሥራውን ስም ብቻ አይቶ ሠራተኛ የሚከስስ ከሆነ፣ የፊርማ ማኅተም በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ማኅተሙ ያንተ ነው» ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች በመረጃ ቋት ግንኙነት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። አንድ ሠራተኛ ከኤክሴል ሆኖ ግዙፍ ሰንጠረዥ ሲስብ፣ ሥራው የሚካሄደው አስቀድሞ ተነሥቶ በሚጠብቅ የአገልጋይ ሥራ ውስጥ ነው። በዚህ ሥራ ስም ላይ የሚታየው «ኪው-ዩዘር» የሚባል የወል መለያ ነው። እውነተኛውን ሰው ለማወቅ ከስሙ አልፎ «አሁን ያለው ተጠቃሚ» የሚለውን መስክ ማየት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ኪው-ዩዘር ማነው?» እያለ በሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ ሲፈልግ ይውላል።

ስለ ላኪው ቦታም እንዲሁ ነው። ከስክሪን የተላከ ሥራ ምንጩ የስክሪኑን መሣሪያ ስም ይዞ ይመዘገባል። መሣሪያዎቹ ግን ስማቸውን በራስ ሰር፣ በገቡበት ቅደም ተከተል የሚያገኙ ከሆነ፣ የዛሬው ስም የነገ የሌላ ጠረጴዛ ስም ይሆናል። ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ ቋሚ መጠሪያ መስጠት ወይም የኔትወርክ አድራሻውን አብሮ መመዝገብ ይህን ችግር ያስወግዳል።

አራቱን ጥያቄዎች የሚመልሱ መዝገቦች

ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ መከታተል ቀላል ነው። በሥራ ላይ ያሉትን የሚያሳየው ስክሪን ንዑስ ሥርዓቱን፣ አሁን ያለውን ተጠቃሚና የፕሮሰሰር ድርሻውን ያሳያል። በቅርብ ጊዜ ስሪቶች ይኸው መረጃ በኤስ-ኪው-ኤል ጥያቄ እንደ ማንኛውም ሰንጠረዥ ይገኛል። ፈተናው የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አራት መዝገቦች ያስፈልጉናል።

የመጀመሪያው የሥርዓቱ የታሪክ መዝገብ ነው። በዚህ ውስጥ ሁለት መልእክቶች ለእኛ ዋና ናቸው። «ሲ-ፒ-ኤፍ 1124» ሥራው መጀመሩን ይናገራል፤ የጀመረበትን ንዑስ ሥርዓት፣ የጀመረበትን ሰዓት፣ ወደ ሥርዓቱ የገባበትንም ሰዓት ይይዛል። «ሲ-ፒ-ኤፍ 1164» ደግሞ ማብቃቱን፣ የወሰደውን የፕሮሰሰር ሰከንድና እንዴት እንዳበቃ ይናገራል። ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ሁለት ጠቃሚ ልዩነቶች ይወጣሉ። ከመግቢያ እስከ ጅማሬ ያለው ጊዜ የወረፋ ጊዜ ነው፤ ከጅማሬ እስከ ፍጻሜ ያለው የሥራ ጊዜ ነው። «ሥራዬ አምስት ሰዓት ፈጀ» የሚል ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚናገረው። መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። የወረፋ ጊዜ ሲረዝም አደላደሉን እናስተካክላለን፤ የሥራ ጊዜ ሲረዝም ፕሮግራሙን እንመረምራለን።

ሁለተኛው የሥራው የራሱ ማስታወሻ፣ ጆብ ሎግ ነው። በዚህ ውስጥ «ሲ-ፒ-አይ 1125» የሚባል መልእክት ሥራው ወደ የትኛው ወረፋ፣ ከየትኛው ሌላ ሥራ እንደ ተላከ ይናገራል። የላኪው ማንነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን በተለመደው የሥራ መግለጫ መሠረት፣ በሰላም ያለቀ ሥራ ጆብ ሎጉ አይታተምም፤ ይጠፋል። ያም ማለት ማሽኑን ለስድስት ሰዓት ይዞ፣ ያለ ስሕተት ያበቃ ሥራ ዱካው ይሰወራል። በሥራ መግለጫው ላይ የማስታወሻውን ዝርዝርነት አስቀድሞ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የኦዲት ጆርናል ነው። የሥራ መረጃ ኦዲት ሲከፈት፣ የሥራ መጀመር፣ መቆም፣ መታገድ፣ መለቀቅና መለወጥ ሁሉ ይመዘገባል፤ የሥራ መግለጫውና የወረፋው ስምም አብሮ ይጻፋል። ሥራ ከአንድ ወረፋ ወደ ሌላ ሲዛወር የምናውቀው በዚህ ነው። አስፈላጊ በሆነበትም አንድ ተጠቃሚ የሚሰጣቸውን ትእዛዞች መመዝገብ ይቻላል።

አራተኛው የሥራ ሒሳብ ጆርናል ነው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም የሥራ መግለጫ እስከ 15 ፊደል የሚደርስ የሒሳብ ኮድ ይሰጣል። ሥራው ሲያበቃ የፕሮሰሰር ጊዜው፣ የዲስክ ንባብና ጽሕፈቱ፣ ያሳተመው ገጽ በዚያ ኮድ ሥር ይመዘገባል። ይህ ለክስ ሳይሆን ለበጀት የሚያገለግል መዝገብ ነው፤ የትኛው መምሪያ ከማሽኑ ምን ያህሉን እንደሚወስድ በቁጥር ያሳያል።

ከአራቱ መካከል የታሪክ መዝገቡ ብቻ ነው ሳይጠየቅ የሚጻፈው። የቀሩት ፈቃድና ዝግጅት ይፈልጋሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የሰኔ 30 ሌሊት፤ አንድ ምናባዊ ምሳሌ

ነገሩን በተግባር እንየው። ድርጅቱም ሰዎቹም ለማስረዳት የፈጠርኋቸው ናቸው፤ የማሽኑ ጠባይ ግን እውነተኛ ነው።

እንደምታውቁት የአገራችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ በማሽኑ አቆጣጠር ሐምሌ 7 መሆኑ ነው። የሒሳብ ክፍሉ የመዝጊያ ምዝገባ ሥራውን 18፡10 ላይ ይልካል። በጠዋት ሲመጡ ሥራው ያለቀው 00፡31 ላይ መሆኑን ያያሉ። የመምሪያው ኃላፊ ይቈጣል፤ «ማሽኑ ስድስት ሰዓት ከ21 ደቂቃ ፈጀ» ይላል። በዚያ ሌሊት ሌላ ከባድ ሪፖርት እንደ ተሠራ ይሰማል፤ ሪፖርቱም የበጀት ክፍል ሠራተኛዋን ስም ይዟል። እርሷ ደግሞ «ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቻለሁ» ትላለች። ሪፖርቱ የተላከው 17፡55 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ጥንቃቄ ታስፈልጋለች። ሰው የሚናገረው በእኛ ሰዓት ነው፤ ማሽኑ የሚጽፈው በሌላ አቆጣጠር ነው። «11 ሰዓት ተኩል» በመዝገቡ 17፡30 ነው። ምስክርነትና መዝገብ በሚነጻጸሩበት ጊዜ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ካልተሰላ፣ እውነተኛ ቃል እንደ ሐሰት ሊቈጠር ይችላል። በተሰላ ጊዜ ደግሞ ሠራተኛዋ ሥራው ከመላኩ 25 ደቂቃ በፊት እንደ ወጣች እንረዳለን።

አሁን መዝገቦቹን በተራ እንጠይቅ። የመዝጊያ ሥራው የጅማሬ መልእክት እንዲህ ይላል፤ የገባው 18፡10፣ የጀመረው 23፡52። ስለዚህ 5 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በወረፋ ቆሞ ነበር፤ የሠራው ለ39 ደቂቃ ብቻ ነው። «ማሽኑ ስድስት ሰዓት ፈጀ» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ወደቀ። ለምን ቆመ? ወረፋው በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ያስኬዳል። በዚያው ንዑስ ሥርዓት ሪፖርቱ ከ17፡55 እስከ 23፡52 ተሠርቷል። ስለዚህ አጋጁ እርሱ ነው።

ሪፖርቱን ማን ላከው? የጆብ ሎጉ መልእክት የላኪውን ሥራ ይጠራል፤ የሌላ ክፍል ሠራተኛ የስክሪን ሥራ ነው። የሥራ መግለጫው ሲመረመር የበጀት ሠራተኛዋ መለያ በውስጡ ተጽፎ ይገኛል። ከዓመታት በፊት «ሪፖርቱን ማንም ሰው እንዲልከው ይቻል» ተብሎ ነበር የተዘጋጀው። ላኪው የተፈቀደለትን ምርጫ ተጫነ እንጂ ማንንም አላታለለም። ሠራተኛዋም ስሟ እዚያ መኖሩን አታውቅም። ጥፋት ካለ፣ ያለው በአደላደሉና በደኅንነት ደረጃው ላይ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ አደጋም በዚያ ሌሊት ነበረ። አንድ የጥቅል ሥራ የሚይዘው ቀን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ሥራው በጀመረበት ቅጽበት ያለው የሥርዓቱ ቀን ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ቢያልፍም አይለወጥም። የመዝጊያ ሥራው 23፡52 ላይ ስለ ጀመረ ምዝገባው ሐምሌ 7ን ይዟል። ሪፖርቱ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ቢጨምር ኖሮ፣ የመዝጊያው ሥራ ሐምሌ 8 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ቀን ይጀምር ነበር። ፕሮግራሙ የምዝገባውን ቀን ከሥራው ቀን የሚወስድ ከሆነ፣ የአሮጌው ዓመት ወጪ በአዲሱ ዓመት በጀት ላይ በተቀመጠ ነበር። ማንም ስሕተት ሳይሠራ፣ ምንም ፕሮግራም ሳይበላሽ፣ የወረፋ ቦታ ብቻ የዓመቱን ሒሳብ ሊያዛባ ይችል ነበር። «ሥራው የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ከመከታተል ወደ መደልደል

የክትትል ዓላማ ሥራን በትክክለኛ ቦታው ማኖር ነው። ከላይ ያየነውን የመሰለ ድርጅት ቢያንስ አምስት እርምጃዎች ሊወስድ ይችላል።

መጀመሪያ፣ ወረፋዎችን በሥራ ባሕርይ መለየት፤ አጭር፣ ረጅምና ጊዜ የማይሰጥ ሥራ በአንድ መስመር አይቁሙ። ለመዝጊያና ለደሞዝ ሥራ የተለየ ወረፋ፣ ቢቻልም የራሱ የማኅደረ ትውስታ ድርሻ ያለው ንዑስ ሥርዓት ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በዚያ ወረፋ ላይ ሥራ የመላክ ፈቃድ ለሚመለከታቸው ብቻ ይሰጥ፤ «ፈጣኑ ወረፋ» ለሁሉም ክፍት ከሆነ በሳምንት ውስጥ ዘገምተኛው ወረፋ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከባድ ሪፖርቶችን የሚያስነሡ ትእዛዞች በጥቅል ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው ይዘጋጁ፤ ሥርዓቱ ይህን ይፈቅዳል። ለነጻ መጠይቆችም የሚፈጁት ጊዜ አስቀድሞ ተገምቶ ከገደብ በላይ የሆነው እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል። አራተኛ፣ የሌላ ሰው መለያ የያዙ የሥራ መግለጫዎች ይፈለጉ፤ የወል ሥራ የግለሰብ ስም ሳይሆን ለዚያ ተብሎ የተፈጠረ፣ ማንም የማይገባበት መለያ ይያዝ። የደኅንነት ደረጃውም ወደ 40 ይደግ። አምስተኛ፣ የታሪክ መዝገቡ በየዕለቱ ወደ አንድ ሰንጠረዥ ይገልበጥ፤ የመዝገቡ ፋይሎች ዲስክ ለማስለቀቅ ሲሰረዙ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳልና።

ከዚህ ሰንጠረዥ በየወሩ አንድ ቀላል ማጠቃለያ ብናወጣ ይበቃል፤ በየወረፋው መካከለኛው የመጠበቂያ ጊዜ ስንት ነው? ረጅሙስ? የትኞቹ የሥራ መጠሪያዎች ብዙውን የፕሮሰሰር ጊዜ ወሰዱ? ልብ በሉ፤ «የትኞቹ ሰዎች» አላልሁም። አብዛኛው ችግር ከሥራው ዓይነት የሚነሣ ስለሆነ፣ በሥራ መጠሪያ የተጠና ጥናት መፍትሔ ያመጣል፤ በሰው ስም የተደረደረ ግን ጠብ ያመጣል።

የክትትል ልክ

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥቤ ይወስደኛል። ማን በስንት ሰዓት ምን እንደ ሠራ የሚናገር መዝገብ ስለ ሰው የሚናገር መዝገብ ነው። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ እንዲህ ያለውን መረጃ ለምን እንደምንሰበስብ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደምንሰርዘው መልስ ሊኖረን ይገባል። ተጠቃሚዎች መከታተላቸውን በግልጽ ይወቁ። መዝገቡን የሚያነብ ሰውና መዝገቡን የሚያስተዳድር ሰው ባይደራረቡ ይመረጣል፤ ሥራዎችን የማዛወርና የማስቆም ልዩ ሥልጣን የያዘ ሰው የራሱንም ዱካ የሚመረምር ከሆነ፣ ኦዲቱ ከስም አያልፍም።

በሌላ በኩል ግን መዝገብ አለመኖሩ ነጻነት ነው ብለን እንዳናስብ። በጥንት ዘመን ወንጀለኛው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ፣ አንድ ስም እስኪወጣ ድረስ ይቀመጥ ነበር። መዝገብ የሌለው መሥሪያ ቤትም የሚያደርገው ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ማነው ያስኬደው?» ይላል። የሚወጣውም ስም ብዙ ጊዜ አቅም የሌለው፣ ተከራካሪ የሌለው፣ ወይም በዚያ ቀን ያልተገኘው ሰው ስም ነው። በልክ የተያዘ፣ በሚገባም የተነበበ መዝገብ እንዲህ ያለውን ሰው ይጠብቀዋል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ቃል ልጨምር። ወደፊት የምትሠሩበት ማሽን ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል። በዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ኮምፒዩተሮች ላይ የተለመደውን «ስለርም» የሚባል የሥራ አደላዳይ ብትወስዱም፣ ሥራው የገባበትንና የጀመረበትን ሰዓት፣ የተመደበበትን ክፍልና የሠራባቸውን ማሽኖች የሚይዝ የሒሳብ መዝገብ ታገኛላችሁ። ስሞቹ ይለያያሉ፤ አራቱ ጥያቄዎች ግን ያው ናቸው። ማን ላከው? በማን ስም? የት ጠበቀ? የት ሠራ? አራቱም ሳይመለሱ ምክንያቱን አትናገሩ፤ ማንንም አትውቀሱ።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው።